ስሟን የሚጠራት ድምፅ
(ስለ ሆርሞን፣ ስለ ድባቴና ስለ ወጣቶች ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር)

የዚህ ንግግር ማስታወቂያ ላይ «ሆርሞን» የሚለው ቃል ጎላ ብሎ ስለተጻፈ አንድ ወዳጄ ደውሎ «ስለ ፈረንጅ ዶሮ ልታወራን ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። የማወራው ስለ ልጆቻችን ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንዲት ልጅ ልጀምር። እውነቱን ለመናገር አንዲት ልጅ አይደለችም። ባለፉት ዓመታት ካየኋቸው ልጆች የአንዷን ነገር ከሌላዋ አጣምሬ፣ ማንም እንዳያውቃት አድርጌ ያበጀኋት ናት። ዕድሜዋ 15፣ ዘጠነኛ ክፍል። እናቷ ይዛት ገባችና ቢጫ ጀሪካኗን ከወንበሩ ሥር አስቀመጠች፤ በጠዋት ከጠበል ነው የመጡት።

«ዶክተር፣ ልጄ ተለወጠችብኝ» አለች። «አትበላም፣ አታጠናም። ቡና ሲፈላ እንኳ ወጥታ አብራን አትቀመጥም። ያንን ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር አታወልቅም። አባቷ ‹ጉርምስና ነው፣ ተያት› ይላል። እህቴ ‹ዓይነ ጥላ ነው› ትላለች። አስተማሪዋን ብጠይቅ ‹ሆርሞን ነው፣ ያልፍላታል› አለኝ።»

ጉርምስና፣ ዓይነ ጥላ፣ ሆርሞን። ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር የተናገሩ ይመስላል። ለእናቲቱ የደረሳት ግን አንድ ምክር ነው፦ አትጠይቂያት።

እናቲቱን ውጭ እንድትጠብቀን ለምኜ ከልጅቷ ጋር ቀረን። የኤርፎኑ ገመድ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ይገባል። «ምን እየሰማሽ ነው?» አልኳት። ዝም ብላ ገመዱን ሳብ አድርጋ አወጣችው። ጫፉ ባዶ ነው፤ ምንም ላይ አልተሰካም። ስልኳ ከተበላሸ ሁለት ወር አልፎታል።

«ስመልስለት ሰው ስልክ የማወራ እንዲመስለው ነው» አለችኝ።

ማታ ማታ ስሟን የሚጠራት ድምፅ ነበር። አያቷ በሕይወት ሳሉ «የማታዪው ሰው ሲጠራሽ አቤት እንዳትዪ» ይሏት ነበር። እሷ ግን አንድ ሌሊት «አቤት» አለችው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይሰድባት ጀመር፤ የማትረባ ናት፣ ለቤተሰቡ ሸክም ናት፣ ባትኖር ይሻላል ይላታል። ብዙም ሳይቆይ አያቷ ሞቱ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለችኝ። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ የማንም አስተያየት የማይለውጠውን ነገር እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መሐል ማንም ሳይጠራት «አቤት» ብላ ተነሥታ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እንደ ማሾፍ ተቆጥሮባትም ከክፍል ተባረረች።

የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ምንም ማስረጃ የማይነቀንቀው ከእውነታ የራቀ እምነት መያዝ በሕክምና ቋንቋ የሳይኮሲስ ምልክቶች ይባላሉ። ቃሉ ሲጠራ ለብዙ ሰው የሚታየው ጨርቁን ጥሎ መንገድ ለመንገድ የሚሄድ ምስኪን ነው። ይህች ልጅ ግን ዩኒፎርሟን በሥርዓት ለብሳ ትምህርት ቤት ትውላለች። ሕመሟ ድባቴ ነው፤ ከባድ ድባቴ፣ የሳይኮሲስ ምልክት የታከለበት። እንዲህ ዓይነቱ ድምፅ የድባቴውን ቋንቋ ይናገራል። ሰውየው ለራሱ ያለውን ንቀት ወስዶ በሌላ ሰው አፍ መልሶ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ወላጆች እንዳትደነግጡብኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ሥራ እንዳሳየው ከ9 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100 ወደ 17 የሚሆኑት፣ ከ13 እስከ 18 ካሉት ደግሞ ከ100 ከ7 እስከ 8 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ነገር ሰምተናል ወይም አይተናል ይላሉ። አብዛኞቹ ያልፍላቸዋል። ችግሩ ድምፁና ድባቴው አብረው ሲመጡ ነው። በ2013 የታተመ የአየርላንድ ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ከ1,000 በላይ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። የሳይኮሲስ ምልክት ከነበራቸው ውስጥ በዚያ ዓመት ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 20 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 2.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአእምሮ ሕመም እየተሠቃዩ ምልክቱም ያለባቸው ደግሞ ከዚያ የባሰ አደጋ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ያዘነ ልጅ ፊት ስቀመጥ «ድምፅ ትሰሚያለሽ? ምን ይልሻል? ሙቺ ይልሻል?» ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አያስገባም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ልጁ ብቻውን አይተውም፤ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ይቆለፋል፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

አሁን ወደ ሆርሞን እንምጣ።

ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ከሚያመነጩት አንዱ ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል ክፉ ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ በሕይወት መቆየት አይቻልም። የራሱ ሰዓት አለው፤ ከእንቅልፍ በነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወለል ላይ ይወርዳል። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ነው፤ ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ፒቱታሪ ለሚባለው ዕጢ፣ ፒቱታሪም ለአድሬናሎቹ ያስተላልፋሉ። ኮርቲሶሉ ሲበዛ ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ «በቃ» ይላል። ጀበና ሲገነፍል ከእሳቱ ብድግ እንደሚደረገው ማለት ነው። በብዙ ከባድ ድባቴ ላይ የምናየው፣ ጀበናው እየገነፈለ ብድግ የሚያደርገው እጅ ሲዘገይ ነው።

ይህ ሆርሞን አእምሮን እንደሚያናውጥ እንዴት አወቅን? በ1912 አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ፊቷ እንደ ጨረቃ የከበበ፣ ሆዷ የወፈረ፣ የወር አበባዋ የቆመ የ23 ዓመት ሴት ሕመም ጻፈ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሕመም ከኮርቲሶል መብዛት የሚመጣ ነው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ድባቴ ይይዛቸዋል፤ ጥቂቶቹም ድምፅ ይሰማሉ። ትልቁ ማስረጃ የመጣው ግን ከመድኃኒት ነው። በመስከረም 1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንችና ባልደረቦቹ የኮርቲሶልን የቅርብ ዘመድ ኮርቲዞንን በመገጣጠሚያ ቁርጥማት አልጋ ላይ ለዋለች ሴት ወጉ፤ በቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። በ1950 ለኖቤል ሽልማት የበቃ ግኝት ነው። ዓለም በደስታ መድኃኒቱን ሲያፈስ ግን ሌላ ወሬ ይከተል ጀመር፤ እንቅልፍ ያጡ፣ ያለ ምክንያት የፈነጠዙ፣ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው ያሉ ሰዎች። በ1972 የቦስተን ተመራማሪዎች ቆጠሩት። ፕሬድኒዞን የሚባለውን የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት በቀን 40 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ከወሰዱት ውስጥ የአእምሮ ችግር የገጠማቸው 1.3 በመቶ ነበሩ፤ ከ80 ሚሊግራም በላይ ከወሰዱት 18.4 በመቶ። መጠኑ ሲወጣ እብደቱ አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ አንድ ልጅ ድንገት ሲለወጥ ከምጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ነው። ለአስም፣ ለኩላሊት፣ ለቆዳ የተሰጠ ይሆናል። ያወፍራል፣ ጉንጭ ይሞላል ተብሎ በጓደኛ ምክር የሚዋጠው ዴክሳሜታዞንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ስላችሁ ዛሬውኑ ቤት ገብታችሁ የልጃችሁን መድኃኒት እንዳትጥሉ አደራ! ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ (የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች የሚጠሩበት ስም ነው) በአንድ ቀን ሲቋረጥ ራሱ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሐኪሙ ነው ቀስ እያለ የሚያወርደው።

ከዚህ በኋላ የሳይንቲስቶቹ ፈተና ተጀመረ። ሆርሞኑ ጤነኛውን ካሳመመ፣ የታመመውንስ ያሳመመው ሆርሞኑ ነው ማለት ይቻላል? በርናርድ ካሮል የሚባል ሐኪም ቀላል መንገድ አመጣ። ታማሚው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ይውጣል። አንጎል «በቃ» የሚለውን መልእክት ከሰማ በማግስቱ ኮርቲሶሉ ዝቅ ይላል፤ ካልሰማ እንደ ወጣ ይቀራል። በ1981 ይህ የድባቴ የደም ምርመራ ነው ተብሎ ሲታወጅ የኛ የአእምሮ ሕክምና ሰው በደስታ ሊያብድ ምንም አልቀረው፤ እኛም እንደ ስኳር ሐኪሞች ቁጥር አገኘን ተባለ። አልሆነም። የሳይኮሲስ ምልክት የሌለበት ድባቴ ካለባቸው አዋቂዎች ምርመራው የያዘው ወደ 41 በመቶ የሚሆኑትን ነበር፤ የሳይኮሲስ ምልክት ካለባቸው ውስጥ ደግሞ ወደ 64 በመቶ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ድባቴው ድምፅ ሲጨምር ኮርቲሶሉም ይበልጥ ልጓሙን ይበጥሳል። ግን ከ100 ሰው 36ቱን የሚስት ምርመራ ይዞ አንዲት ልጅ ላይ መፍረድ አይቻልም። በልጆች ላይ ደግሞ ምልክቱ ከዚህም የደበዘዘ ነው።

ቀጥሎ «እንግዲያስ ኮርቲሶሉ የሚገባበትን በር እንዝጋው» ተባለ። ሚፌፕሪስቶን የሚባለው መድኃኒት በሩን ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ተስፋ ሰጡ፤ ትልልቆቹ ግን የታሰበላቸውን ግብ አልመቱም። መድኃኒቱ በ2012 በአሜሪካ የተፈቀደው ለኩሺንግ ሕመምተኞች የደም ስኳር ነው እንጂ ለድባቴ አይደለም። እኔ ይህን ታሪክ እንደ ሽንፈት አላየውም። ሆርሞኑ የሚናገረውን ተናግሯል፤ ያላለውን በአፉ ልናስገባለት ስንሞክር ነው የወደቅነው።

ወደ ወጣቶቹ ስንመለስ፣ በ2014 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከ1,800 በላይ ልጆችን በጠዋት ምራቃቸውን እየሰበሰቡ አዩ። የማዘን ምልክት ያላቸውና የጠዋት ኮርቲሶላቸው ከፍ ያለ ወንዶች ልጆች፣ ሁለቱም ከሌሉባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በኋላ በከባድ ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው 14 እጥፍ ነበር። በሴቶቹ ላይ ልዩነቱ በጣም ያነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲዋ ኢሌይን ዎከርም ለሳይኮሲስ የተጋለጡ ወጣቶችን ስትከታተል፣ ውሎ አድሮ ከታመሙት ውስጥ ኮርቲሶላቸው ቀድሞውኑ ከፍ ብሎ የተገኘባቸው እንዳሉ አሳይታለች። ይህን የሰማ ወላጅ «የልጄን ሆርሞን መርምሩልኝ» ብሎ ይመጣል። የአንድ ጠዋት ኮርቲሶል ግን ለፈተና የሮጠውን፣ ቁርስ ያልበላውን፣ በታክሲ ሰልፍ የተናደደውንና የታመመውን ለይቶ አይነግረኝም።

ኮርቲሶል ብቻውን ደግሞ አይሠራም። ጉርምስና የሚጀምረው በእንቅልፍ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የመራቢያ ሆርሞን ምቶች የሚመጡት ሌሊት ልጁ ተኝቶ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት ወንዱም ሴቷም በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወደ እጥፍ ይጠጋሉ። ሳይኮሲስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የጀርመኑ ሐኪም ሃይንዝ ሄፍነር በማንሃይም እንዳሳየው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ጽኑ የሳይኮሲስ ሕመም ወንዶችን ከሴቶች ሦስት አራት ዓመት ቀድሞ ይይዛል፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የወር አበባ በሚቆምበት ዕድሜ ሁለተኛ ጭማሪ ይታያል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን የሚከላከል ነገር እንዳለው የታሰበው ከዚህ ነው። በአገራችን ቡታጅራ ላይ ከ1998 ጀምሮ ከ68,000 በላይ ሰው ተጠይቆ በተደረገው ትልቅ ጥናት ከተገኙት የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች እጅግ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። ይህን ሁሉ ለኤስትሮጅን መስጠት ግን ይከብደኛል፤ የታመመ ወንድ ገበያ መሐል ይታያል፣ የታመመች ሴት ጓዳ ውስጥ ትቀራለች።

ሳይመረመር መታለፍ የሌለበት ሆርሞን የትኛው ነው ብትሉኝ የታይሮይድ ነው እላችኋለሁ። አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ዕጢ። በ1949 ሪቻርድ አሸር የሚባል የለንደን ሐኪም ሳይኮሲስ ስለያዛቸው 14 ሰዎች ጻፈ። ድምፅ ይሰማሉ፣ ሰው ይጠራጠራሉ፤ ፊታቸው ያበጠ፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣ በበጋ ሙቀት የሚበርዳቸው ናቸው። ዕጢያቸው ሥራ አቁሟል። የጎደለው ሆርሞን ሲሰጣቸው አብዛኞቹ ወደ ልቦናቸው ተመለሱ። ይህ ነገር እያለ በእብደት ተፈርዶባቸው ተቆልፈው የቀሩ ስንት ይሆኑ? እንቅርት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከባሕር በራቀ፣ ዝናብ አፈሩን ባጠበው ደጋ አዮዲን ይጎድላል። ጨው ላይ የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ ጨውን ከድኖ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር የሚመከረውም አዮዲኑ እንዳይተን ነው። በድባቴ የመጣልኝ ልጅ ክብደት ጨምሮ፣ ቆዳው ደርቆ፣ ሆድ ድርቀት ይዞት ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ሳላዝ አልሸኘውም። ይህ ምርመራ፣ ከኮርቲሶሉ በተለየ፣ ለአንድ ልጅ የሚሆን መልስ አለው።

ወደ ኤርፎኗ ልጅ ልመለስ፤ ታይሮይዷ ጤነኛ ነበር። ስቴሮይድ አልወሰደችም፤ ጫትም የለም፤ የሚጥል በሽታም የለባትም። ውጤቱን ሊሰማ አባቷም አብሮ በመጣበት ቀን ለድባቴው ፍሉኦክሴቲን፣ ለድምፁ ሪስፐሪዶን በትንሽ በትንሹ ጀመርንላት። እናቲቱ ጀሪካኑን እያየች «ጠበሉንስ?» አለችኝ። በ2007 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር መውሰድ እንደሚችሉ መናገራቸውን አስታወስኳት። «ሁለቱንም፤ መድኃኒቱን በምግብ ሰዓቱ፣ ጠበሉን በሰዓቱ» አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። ሌላም ያስጠነቀቅኳት ነበር፤ በ1982 በታተመ ጥናት በድባቴ ሆስፒታል ከተኙ 60 ወጣቶች 12ቱ በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላው ጫፍ፣ ወደ ፍንጠዛው ሄደው ባይፖላር የሚባለው ሕመም ታይቶባቸዋል፤ ከመጀመሪያው የሳይኮሲስ ምልክት የነበራቸው በተለይ። «እንቅልፍ እያጣች ብትፈነጥዝ፣ ብትለፈልፍ፣ ዳነች ብለሽ እልል እንዳትዪ፤ ደውዪልኝ።»

ያላልኳት ነገር ነው ጉድ ያመጣው።

በስድስት ሳምንት ድምፁ ራቀ። በሦስተኛው ወር ቀጠሮ ግን አልመጡም። በአራተኛው እናቲቱ ብቻዋን መጣች። የልጅቷ የወር አበባ ሁለት ጊዜ ቀርቷል። አንድ ቀን ሸሚዟ ደረቷ ላይ ርሶ ታየ፤ ወተት ነው። አክስት «አርግዛለች» አለች። አባት ልጁን ማናገር አቆመ። ክሊኒክ ተወስዳ የሽንት ምርመራ ተደረገላት፤ ምንም የለም። ቤቱ ግን አንዴ ተጠራጥሯል። እናት መድኃኒቱን ጣለችው። በሁለት ሳምንቱ ልጅቷ ኤርፎኗን ፈልጋ አወጣች።

የሆነው ይህ ነው። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ሁለት ቤት ይሠራል። በአንዱ ቤት ሲበዛ ድምፁና ጥርጣሬው ይመጣሉ፤ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች እሱን ያግዱታል። በሌላው ቤት ደግሞ ፒቱታሪ ፕሮላክቲንን፣ ማለት የወተቱን ሆርሞን፣ እንዳይለቅ ቆሞ የሚጠብቀው እሱው ዶፓሚን ነው። መድኃኒቱ ቤት ስለማይለይ ሁለቱንም ያግዳል፤ ጠባቂው ሲነሣ ወተቱ ይፈሳል፣ የወር አበባ ይቆማል። ሪስፐሪዶን በዚህ ከታወቁት አንዱ ነው። ወንዶቹም ላይ ጡት ሊያወጣ ይችላል፤ የ16 ዓመት ልጅ ይህን ለእናቱ ከሚናገር መድኃኒቱን ሽንት ቤት መጣል ይቀለዋል።

ይህን አውቅ ነበር። መድኃኒቱ ስለሚያመጣው እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ነግሬያቸዋለሁ። መድኃኒቱን ያዘዝኩ ቀን ግን አባቷም አብሮ ተቀምጦ ስለነበር በእሱ ፊት ስለ ሴት ልጁ ጡትና ስለ ወር አበባዋ መናገር ከበደኝ። አፈርኩ። የእኔ ማፈር ልጅቷን አራት ሳምንት የአባቷን ድምፅ አስነፈጋት፤ የሌላውን ድምፅ መለሰባት።

አባትየውን አስጠርቼ ወረቀት ላይ ፒቱታሪን ሥዬ፣ ዶፓሚንን ዘበኛ አድርጌ አስረዳሁት። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያይ ቆይቶ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። መድኃኒቱን ፕሮላክቲንን ብዙም በማይነካ ሌላ ቀየርንላት። የወር አበባዋ በሦስተኛው ወር ተመለሰ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አሥረኛ ክፍል ሆና ነው። ድምፁን ጠየቅኳት፤ እንደ ልማዴ በግልጽ። ቀን ቀን የለም አለች። ጠዋት፣ ልትነቃ ስትል ግን አንዳንዴ ስሟን ይጠራታል። እንቅልፍና ንቃት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስምን መስማት በብዙ ጤነኛ ሰው ላይም እንደሚደርስ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙም ያስጨነቃት አትመስልም።

«ታዲያ ሲጠራሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ዝም እለዋለሁ» አለች። «ካስነሣኝ ግን ሻይ እጥዳለሁ።»